የሽንፋን ዓሣ ማን ይቁጠር?

መጋቢት ሲጋመስ የሽንፋ ወንዝ መፍሰሱን ያቆማል። በክረምት ግንድ ነቅሎ፣ ድንጋይ አንከባሎ ወደ ሱዳን የሚወርደው ጎርፍ በዚህ ወር ቦታውን ለአሸዋ ይለቃል። ሰው በወንዙ ወለል ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ይሻገራል፤ ከብቱም በጠጠሩ ላይ ተበትኖ የረገፈ ቅጠል ይለቅማል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት በዚህ ቆላ ውኃ የሚገኘው ወንዙ በሚታጠፍበት፣ ቋጥኝና የዛፍ ጥላ በተገናኙበት ጥልቅ ቦታ ብቻ ነው። እዚያ ኩሬ ይቀራል።

ኩሬው ዳር ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ብዙ ነገር ያያል። ውኃው እንደ ጠላ አተላ ደፍርሷል። ጥቂት ቆይቶ መሐሉ ላይ ጠፍጣፋ ጥቁር ራስ ብቅ ይላል። አፉን እንደ ድመት የከበቡት ስምንት ጢሞች ይታያሉ፤ አየር ይጎርስና ተመልሶ ይሰጥማል። ውኃው ላይ የቀረው ክብ ሞገድ ሳይጠፋ ሌላው ይከተለዋል። አምባዛ ነው። በጭንቅላቱ ውስጥ ከውኃ መተንፈሻው ሌላ አየር የሚይዝ ክፍል ስላለው ሌላ ዓሣ ታፍኖ በሚሞትበት ጭቃማ ውኃ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። አብረውት የታሰሩት ቀረሶና ነጭ ዓሣ ግን ይህ ዕድል የላቸውም። ኩሬው በጠበበና በሞቀ ቁጥር የሚተነፍሱት እያነሰ ይሄዳል።

ሰኔ ደርሶ ደጋው ሲዘንብ ኩሬዎቹ እንደገና ይገናኛሉ። ከበጋው ድርቀት የተረፈው ዓሣ ወጥቶ ጎርፉ በሸፈነው ሣር ውስጥ ዕንቁላሉን ይጥላል፤ ወንዙም እንደገና በዓሣ ይሞላል። ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ምንም ቢርበው እንደማይነካው ሁሉ፣ ኩሬውም የወንዙ የዘር ጎተራ ነው። ልዩነቱ የገበሬው ጎተራ ባለቤት አለው፤ ስንት ቁና እንደቀረው የሚያውቅ ሰው አለው። በሽንፋና በጎረቤቶቹ ወንዞች፣ በጓንግ፣ በገንዳ ውሃና በአይማ ኩሬዎች ውስጥ በየዓመቱ ምን ያህል ዘር እንደሚተርፍ ግን ተከታትሎ የሚመዘግብ የለም።

ይህ ዘገባ ስለዚያ ቆጠራ ነው። ቆጠራውን ሊያካሂድ የሚችለውም ሰው ሩቅ አይደለም፤ በየቀኑ ኩሬው ዳር የሚውለው፣ በምዕራብ ጎንደር የመተማና የቋራ ነዋሪ ነው።

ባሕር የሌለው የባሕር አገር

መተማ ባሕር የላትም። ከምዕራብ ጎንደር ከተሞች አንዱ ነጋዴ ባሕር ይባል እንጂ፣ የጨው ውኃ ከዚህ ቆላ በጣም ሩቅ ነው። ሆኖም የአካባቢው ወንዞች መጨረሻቸው ባሕር ነው። ጓንግ ድንበሩን ሲሻገር አትባራ ተብሎ ከካርቱም በታች ናይልን ይቀላቀላል። ሽንፋ ሱዳን ሲገባ ራሃድ ይባላል። አይማ ደግሞ ከዲንደር ጋር ይገናኛል። ራሃድም ዲንደርም ወደ ዓባይ ገብተው ጉዟቸውን እስከ ሜዲትራኒያን ይቀጥላሉ። የመተማ ኩሬ ዓሣ የናይል ሥርዓት አካል ነው፤ እዚህ የጠፋ ዘር ከድንበሩ ማዶም ይጎድላል።

ስለሚጠፉ የውኃ እንስሳት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሱት የባሕር ኤሊ፣ ዓሣ ነባሪና ሻርክ ናቸው። ቁጥሮቹ ግን ወደ ወንዝና ሐይቅም እንድንመለከት ያስገድዳሉ። የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ሪፖርት እንደሚለው፣ ከ1970 እስከ 2020 ባሉት 50 ዓመታት ክትትል የሚደረግባቸው የባሕር እንስሳት ብዛት በአማካይ በ56 በመቶ ቀንሷል። የወንዝና የሐይቅ እንስሳት ቅናሽ ግን 85 በመቶ ነው። ይህም ክትትል የሚደረግባቸውን ብቻ የሚመለከት ነው። እንደ ሽንፋ ያለ በበጋ የሚደርቅ የቆላ ወንዝ እንዲህ ባለው መዝገብ ውስጥ ቦታ የሚያገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ጨርሶ አልተጠናም ማለት አይደለም። ደረጀ ተዋበ፣ አበበ ጌታሁንና እሸቴ ደጀን የተባሉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በገንዳ ውሃ፣ በጓንግ፣ በሽንፋና በአይማ ወንዞች መረብ ጥለው የዓሣ ዝርያዎቹን ለይተዋል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ይህ ትልቅ መሠረት ነው። ተመራማሪ ግን መኪናና በጀት ሲያገኝ መጥቶ፣ ናሙና ወስዶ የሚመለስ ሰው ነው። ወንዙን ዓመቱን ሙሉ፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ የሚያየው የአካባቢው ሰው ብቻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትና ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በሱዳን የፈነዳው ጦርነት ደግሞ ይህን ድንበር ለመስክ ሥራ ይበልጥ አስቸጋሪ አድርገውታል። ተመራማሪው መምጣት ባልቻለበት ዓመት ኩሬው መድረቁን፣ ዓሣውም መሞቱን አያቋርጥም።

የ74,000 ዓመት አጥማጆች

በዚህ ወንዝ ዳር ሰውና ኩሬ የተዋወቁት ትናንት አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር የተባለው ዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔት ከሽንፋ ወንዝ ዳር የተገኘ አንድ ግኝት ይፋ አድርጓል። ሽንፋ-መተማ 1 ተብሎ በተሰየመው ስፍራ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፐልማን የተመራው የምርምር ቡድን የድንጋይ መሣሪያዎች፣ የሰጎን ዕንቁላል ቅርፊቶችና የእንስሳት አጥንቶች ቆፍሮ አውጥቷል። ከአፈሩ ውስጥ ደግሞ ከፀጉር የቀጠኑ የእሳተ ገሞራ መስታወት ቅንጣቶች ተገኝተዋል። ቅንጣቶቹ የመጡት ከሩቅ ምሥራቅ፣ ከኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት ሲሆን፣ ከ74,000 ዓመት በፊት የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ ቅሪት ናቸው።

ለእኛ ጉዳይ የሚበጀው የአጥንቱ ቆጠራ ነው። ከፍንዳታው በፊት ከነበረው የእንስሳት ቅሪት ውስጥ ዓሣ 14 በመቶ ነበር፤ ከፍንዳታው በኋላ 52 በመቶ ደረሰ። የሰጎኑ ዕንቁላል ቅርፊት ኬሚካላዊ ይዘት አየሩ በዚያ ዘመን ይበልጥ እንደደረቀ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን አገናኝተው እንዲህ ተረዱት፦ በጋው ሲረዝም ወንዙ ወደ ኩሬ ተቆራረጠ፤ ዓሣው በጠባብ ውኃ ውስጥ ታጎረ፤ ሰውም አንዱ ኩሬ ሲያልቅበት ወደ ቀጣዩ እየተሻገረ ዓሣ አጥምዶ ክፉውን ዘመን አለፈ። እንዲህ ያሉ ወንዞች የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣባቸው መንገዶች ሳይሆኑ አልቀሩም የሚል ሐሳብም አቅርበዋል።

ዛሬም በመጋቢትና በሚያዝያ በሽንፋ፣ በጓንግና በአይማ ዳር ሰው ወደ ኩሬው ይወርዳል። ከጥንት ጀምሮ በዚህ ቆላ የኖረው የጉሙዝ ሕዝብም፣ ከደጋው የወረደው ገበሬም፣ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚመጣው የቀን ሠራተኛም ከዚሁ ውኃ ይመገባል። ሰዓቱ ግን ለዓሣው ክፉ ነው። በአገራችን የዓሣ ገበያ የሚደራው በዐቢይ ጾም ሰሞን ነው፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ የሚውለው ወንዙ በተቆራረጠበት፣ ዘሩ ሁሉ በጥቂት ኩሬ ውስጥ በተሰበሰበበት ወቅት ነው። ገበያው ዓሣ የሚፈልግበትና ዓሣው ማምለጫ የሚያጣበት ወር አንድ ሆነ።

የዛሬው አጥማጅ እጅ ላይ የጥንቱ ያልነበሩ ነገሮች አሉ። ቀዳዳው የጠበበ የናይለን መረብ ጫጩቱን ሳይቀር ይጠርጋል። የሰሊጥና የጥጥ እርሻው ያስገባው ፀረ ተባይ ኬሚካል በየጎጆው አለ። ብርብራ የሚባለው ዛፍ ፍሬም ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲበተን በውስጡ ያለው መርዝ ዓሣው ከውኃ የሚያገኘውን አየር እንዳይጠቀምበት ያግዳል። መርዝ የገባበት ኩሬ ውስጥ የሚፈለገው ትልቅ አምባዛ ለብቻው አይሞትም፤ ጣት የማይሞላው ጫጩት፣ እንቁራሪቱና ነፍሳቱ አብረው ይንሳፈፋሉ። ያንኑ ውኃ ከብት ይጠጣዋል፤ ሕፃንም ይቀዳዋል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ይከለክላል። አዋጁ ያለው ወረቀት ላይ ነው፤ ኩሬው ያለው ደግሞ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የብዙ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ነው።

ቱሪስቱ ሻርክ ሲቆጥር

የዜጎች ሳይንስ የሚባለው አሠራር ባለሙያ ዘወትር ሊደርስ ለማይችልበት ለዚህ ዓይነት ክፍተት የተገኘ መላ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የምርምር ሙያ የሌለው ሰው በኑሮው የሚያየውን ነገር በተስማሙበት መንገድ ይመዘግባል፤ ባለሙያው መዝገቡን አጣርቶ ያጠናዋል፤ ውጤቱም ወደ መዝጋቢው ይመለሳል። ሦስተኛው ከቀረ ሥራው ምርኮ መሰብሰብ ይሆናል።

ጥሩ ምሳሌ የሚገኘው ከጎረቤታችን ከጅቡቲ ባሕር ነው። በየዓመቱ በኅዳር አካባቢ ዌል ሻርክ የሚባለው፣ ከዓለም ዓሦች ሁሉ ትልቁ፣ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። ከ10 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል፤ የሚበላው ግን ደቃቅ የባሕር ነፍሳትን ስለሆነ ሰው አጠገቡ ይዋኛል። ጀርባውና ጎኑ በነጭ ነጠብጣብ የተሞላ ነው። የአንዱ ነጠብጣብ ከሌላው አይመሳሰልም፤ እንደ ሰው የጣት አሻራ ነው። ሳይንቲስቶች ቀድሞ የከዋክብትን አቀማመጥ ለማነጻጸር የተሠራ የስሌት ዘዴ ወስደው ከፎቶግራፍ ላይ እያንዳንዱን ሻርክ የሚለይ ፕሮግራም አዘጋጁ። ከዚያ በኋላ ለመዝናናት የሚዋኝ ቱሪስት ያነሳት አንዲት ፎቶ የሳይንስ ማስረጃ ሆነች።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት እንዲህ ከ54 አገሮች የተሰበሰቡ ወደ 30,000 የሚጠጉ ሪፖርቶችን መርምሮ ከ6,000 በላይ ሻርኮችን አንድ በአንድ ለይቷል። ይህን ያህል ባሕር በራሱ ጀልባ አስሶ የሚጨርስ ዩኒቨርሲቲ የለም። ዌል ሻርክ ዛሬ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ተመዝግቧል። ያቺን ፎቶ ያነሳ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ስለ ሻርክ አደን ሲሰማ እንደ ሩቅ ወሬ አይሰማውም፤ የእርሱ ሻርክ ስም ወይም ቁጥር አለው።

የዳንግላ ገበሬዎች

ይህ ለሀብታም አገር ዋናተኛ ብቻ የሚሆን ነገር ነው የሚል ሰው ካለ፣ ከመተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ዳንግላ ይሂድ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በዳንግላ ወረዳ ዳንግሽታ ቀበሌ ገበሬዎች የዝናብ፣ የወንዝና የጉድጓድ ውኃ ልክ ሲመዘግቡ ቆይተዋል። ሥራውን የጀመሩት የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ነው። መሣሪያው የተራቀቀ አልነበረም። ዝናብ የሚሰበስብ ዕቃ፣ ወንዙ ውስጥ የቆመ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ፣ ወደ ጉድጓድ የሚወርድ መለኪያና ደብተር ነው።

የወንዙን ልክ የሚያነብ ሰው በየቀኑ ከሰሌዳው ፊት ቆሞ ውኃው የነካውን ቁጥር ይጽፋል። አንድ ቀን ብቻውን ምንም አይናገርም። ዓመት ሲሞላ ግን ወንዙ መቼ እንደሞላ፣ መቼ እንደጎደለ፣ ለመስኖ ስንት ወር እንደሚበቃ የሚናገር መስመር ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ተመራማሪዎቹ መዝገቡን ከመደበኛ ጣቢያዎችና ከሳተላይት መረጃዎች ጋር አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያሳትሙ፣ የገበሬዎቹ መረጃ ከእነዚያ ጋር እንደሚተካከል፣ አንዳንዴም እንደሚበልጥ አረጋግጠዋል። የሥራው ምሥጢር መረጃው ወደ ሰዎቹ መመለሱ ነበር። ገበሬዎቹ የጻፉት ቁጥር በሥዕል ሆኖ ቀርቦላቸው በስብሰባ ተነጋግረውበታል።

በኢትዮጵያ ለዚህ አሠራር ሌሎች ዘመዶችም አሉት። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር አራዊትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በበጎ ፈቃደኞች ጭምር የውኃ ወፎችን ይቆጥራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው የሚሞሉት መዝገብም ብርቱ ምሳሌ ነው፤ በመንደር የሚኖር ሰው የሚጽፈው ቁጥር የአገር ፖሊሲ እንደሚቀይር ከዚያ አይተናል።

ነዋሪው ያውቀው የነበረው አንበሳ

ምዕራብ ጎንደር ራሱ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቀስ ታሪክ አለው። በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ በቋራ ወረዳ ከ2,600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ ከሱዳኑ ዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ጋርም ይዋሰናል። በጥር 2008 ዓ.ም. የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሃንስ ባወርና ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት በአልጣሽ አንበሳ መኖሩን በፎቶግራፍና በዱካ አረጋግጠናል ብለው ለዓለም አስታወቁ። በሁለቱ ፓርኮች ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሊኖር እንደሚችልም ገመቱ። ዜናው «ያልታወቁ አንበሶች ተገኙ» ተብሎ በዓለም ተናኘ።

ለቋራ እረኛ ግን አዲስ ነገር አልነበረም። የአንበሳውን ግሣት ሌሊት የሚሰማው፣ ዱካውን በደረቀው የወንዝ አሸዋ ላይ ጠዋት የሚያየው እርሱ ነው። ሳይንስ ዘግይቶ የደረሰው የነዋሪው ዕውቀት ስላልተጻፈ ነው። ያልተጻፈ ዕውቀት ካርታ ላይ አይወጣም፤ ካርታ ላይ ያልወጣ እንስሳ በጀት አይመደብለትም፤ ጥበቃ አይደረግለትም፤ ሲጠፋም መጥፋቱ አይታወቅም። አንበሳ ቢያንስ ያገሳል። ዓሣ ግን ድምፅ የለውም፤ ኩሬው ሲመረዝ የሚሰማ ነገር የለም።

ቁጥር መኖሩ ምን እንደሚለውጥ ጣና ሐይቅ ያሳየናል። በጣና ውስጥ ከሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በቡድን ይኖራሉ። ከእነርሱ የተወሰኑት ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ወጥተው ዕንቁላል ይጥላሉ። በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋ ዘር ሊተካ የሚወጣው ዓሣ እዚያው ይቀራል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ በተመሳሳይ ዘዴ ደጋግመው ስለለኩ በወንዝ የሚራቡት ዝርያዎች ብዛት 75 በመቶ ያህል መውረዱን ማሳየት ቻሉ። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅም እንደ ጣና ያለ የዓሣ ቡድን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ከሐይቁ 17 ብቸኛ ዝርያዎች 15ቱ ከምድር መጥፋታቸውን አስታወቀ። ጣና ዛሬም የምንሟገትለት ነጭ ዓሣ አለው፤ የምንሟገተውም ቁጥሩ በእጃችን ስላለ ነው።

አንድ ዘንግ፣ አንድ ደብተር

በመተማ ይህን ለመጀመር ምን ያስፈልጋል? ከሁሉ በፊት ኩሬዎችን መምረጥ ነው። በሽንፋ፣ በጓንግ፣ በገንዳ ውሃና በአይማ ላይ በጋውን የሚሻገሩትን ኩሬዎች የአካባቢው ሰው በስም ያውቃቸዋል። ከእነዚያ ጥቂቱን መርጦ በየወሩ ወደዚያው ኩሬ መመለስ፣ ብዙ ቦታ አንዴ ዞሮ ከመርሳት ይሻላል።

ሁለተኛው ዘንግ ነው። አጥማጅ ዓሣን በስንዝርና በክንድ ይለካል፤ የአንዱ ስንዝር ግን ከሌላው ይለያል። በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ በቢላዋ ምልክት የተደረገበት ቀጥ ያለ ዘንግ ይህን ችግር ይፈታል። ዓሣው ዘንጉ ላይ ይጋደማል፤ ከአፉ ጫፍ እስከ ጭራው ያለው ቁጥር ይነበባል። ያው ዘንግ ኩሬው ውስጥ ሲቆም የውኃውን ጥልቀት ይለካል።

ሦስተኛው ደብተሩ ነው። ቀኑ፣ የኩሬው ስም፣ የውኃው ጥልቀት፣ የተያዘው ዓሣ ዓይነትና ብዛት፣ ርዝመቱ፣ ሲታረድ ሆዱ ውስጥ ዕንቁላል መኖር አለመኖሩ፣ ስንት ሰው በምን መረብ ስንት ሰዓት እንዳጠመደ ይጻፋል። የመጨረሻውን ብዙዎች ይረሱታል፤ ነገር ግን ዋናው እርሱ ነው። አንድ ሰው በሁለት ሰዓት ያገኘውን ሃያ ዓሣ በሚቀጥለው ዓመት አምስት ሰው ሙሉ ቀን ለፍቶ ካገኘው፣ ገበያው ላይ ያለው ቁጥር አልቀነሰም፤ ወንዙ ግን ተራቁቷል። አንድም ዓሣ ያልተያዘበት ቀንም ይጻፋል፤ ባዶነቱ ራሱ መረጃ ነው። ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ ከታየ ቀኑና ቦታው ይመዘገባል፤ ውኃውንም ሰውና ከብት እንዳይጠጣው ጎረቤት ይነገራል።

ማንበብና መጻፍ ለማይችል አጥማጅ የአምባዛ፣ የቀረሶና የነጭ ዓሣ ሥዕል ያለበት ወረቀት ተዘጋጅቶ በየሥዕሉ ሥር መስመር ማስመር ይበቃል። ስልክ ያለው ዓሣውን ከዘንጉ ጋር ፎቶ ያነሳል፤ ኔትወርክ በተገኘ ቀን ይልካል። የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት ሊቋረጥ በሚችልበት አካባቢ ሥራው በስልክ ብቻ መንጠልጠል የለበትም፤ ደብተር ባትሪ አያልቅበትም።

ስህተት አይኖርም ወይ? ይኖራል። አጥማጁ ተመሳሳይ ዝርያዎችን ሊያምታታ፣ ትልቁን ዓሣ ብቻ ሊጽፍ ይችላል። መፍትሔውም የታወቀ ነው፦ አንዱን ኩሬ ሁለት ሰው ለየብቻ ይመዝግበው፤ አጠራጣሪ ዓሣ ፎቶ ይነሳ፤ ባለሙያ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ መጥቶ ያነጻጽር። በባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል፣ የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ለማድረግ ዕውቀቱ አላቸው።

ጥንቃቄም ያሻል። ይህ የድንበር አገር ነው። ማንም ሰው ለቆጠራ ብሎ ከወትሮው ወደማይሄድበት አደገኛ ስፍራ መሄድ የለበትም። ደብተሩ የዓሣ ነገር እንጂ የሰው እንቅስቃሴ አይጻፍበትም፤ አጥማጁን ለመክሰስም አይውልም። አጥማጅ በደብተሩ የሚከሰስ ከሆነ ማግሥቱን እውነቱን መጻፍ ያቆማል።

የቆጠረ ሰው

በዚህ አገር ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ግንዛቤ ማስጨበጥ ማለት ብዙ ጊዜ ከከተማ የመጣ ሰው በድምፅ ማጉያ የሚናገረው ንግግር ነው። ንግግሩ ሲያልቅ አዳራሹ ይበተናል። ቆጠራ ግን ሌላ ዓይነት ትምህርት ነው። የመተማ ተማሪ ከመምህሩ ጋር በኅዳር፣ በጥርና በመጋቢት ወደ አንድ ኩሬ ሦስት ጊዜ ወርዶ ዘንጉን ቢያቆም፣ ውኃው ከወገብ ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ሲወርድ በገዛ እጁ ይለካል። በመጋቢት የቀሩት ሠላሳ ዓሦች የሚቀጥለው ክረምት ወላጆች መሆናቸውን የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም፤ ራሱ ጽፎታል። ያ ልጅ ብርብራ የሚወቅጥ ጎልማሳ ሲያይ ዝም ማለት ይከብደዋል።

ለሽማግሌዎችም እንዲሁ ነው። ኩሬ ላይ የሚደረግ ስምምነት፣ ለምሳሌ በየወንዙ አንድ ጥልቅ ኩሬ ከመጋቢት እስከ ሰኔ እንዳይነካ መተው፣ ከላይ ቢታዘዝ ጠላት ያፈራል። የገዛ ደብተራቸው ተዘርግቶ «አምና ይህን ያህል ነበር፣ ዘንድሮ ይህን ያህል ነው» ሲባል ግን ንግግሩ ስለራሳቸው ጎተራ ይሆናል። የተከለለው ኩሬ ባለቤት መንደሩ ነው፤ በክረምቱ ከዚያ የሚወጣው ዓሣ የሚጠቅመውም መንደሩን ነው።

የመተማ፣ የቋራና የአካባቢው አጥማጆች፣ መምህራን፣ የግብርና ባለሙያዎች ሆይ፦ ፕሮጀክት እስኪመጣ አትጠብቁ። ዘንጉ ከዛፍ ይቆረጣል፤ ደብተሩ ከሱቅ ይገዛል። የምታውቁትን አንድ ኩሬ ምረጡና የዛሬውን ቀን ጽፋችሁ ጀምሩ። የምርምር ተቋማትም ያ ደብተር ሲደርሳችሁ ተቀበሉት፤ አጣርታችሁም ለጻፈው ሰው መልሱለት።

በሽንፋ ዳር ሰው ዓሣ ሲያጠምድ ቢያንስ 74,000 ዓመት ሆኖታል። ዓሣውን የበላንበት ዘመን ይህን ያህል ረጅም ነው፤ የምንቆጥርበት ዘመን ግን ገና አልተጀመረም። ዘንድሮ ይጀመር።